ሰማይን ማንበብ፦ ዝናብን፣ ብራንና ውርጭን በአገር ቤት ምልክት እንዴት እንለይ?

ኅዳር ነበር። ገብሱ ታጭዶ አውድማው ዳር ተከምሯል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አያቴ ጎህ ሲቀድ በባዶ እግሯ ወጣችና ሣሩ ላይ ትንሽ ተራመደች። ተመልሳ መጥታ እግሯን አሳየችኝ።

«እየው ልጄ፣ ደረቅ ነው። ጤዛ የለም።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል እምዬ?»

«አይደለም። ትናንትም ጨረቃዋ ተከባ ነው ያመሸችው። ሂድና አባትህን ክምሩን ይክደን በለው።»

ክምሩ ተከደነ። ሲመሻሽ ዝናቡ መጣ።

ያኔ ነገሩ ተአምር መስሎኝ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ጤዛ የሚወርደው ሌሊቱ ጥርት ብሎ መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ስትለቅ ነው። ከላይ ደመና ካለ ግን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናታል። ሣሩ አይቀዘቅዝም፤ ጤዛም አይዝም። በኅዳር ጤዛ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ተኝተን ሳለ ደመና ገብቷል ወይም ነፋስ ሲነፍስ አድሯል ማለት ነው። የጨረቃዋ ቀለበት ደግሞ በጣም ከፍ ብሎ ስስ ደመና እንደመጣ ይናገራል። እምዬ አንዱን ብቻ አይታ ቢሆን ኖሮ ክምር አታስከድንም ነበር። ሁለቱ ስለገጠሙ ነው አፏን ሞልታ የተናገረችው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት እሷና እሷን የመሰሉ ሰዎች የሚያደርጉትን በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ነው። ገበሬ ብትሆኑ፣ ጓሯችሁ ጎመን የተከላችሁ ብትሆኑ፣ ወይም አዲስ አበባ ውስጥ ልብስ አጥባችሁ የምታሰጡ ብትሆኑ ይጠቅማችኋል። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ምልክት ብቻውን አይናገርም። የሚናገረው በወቅቱ፣ በቦታውና በሰዓቱ ሲታይ ነው። ብዙ ሰው «የድሮ ምልክት አይሠራም» የሚለው ይህን ስለሚዘል ይመስለኛል።

1. መጀመሪያ ወቅቱን ለዩ፤ ጥያቄያችሁንም አስተካክሉ

በሐምሌ ጉንዳን አይቶ «ዛሬ ይዘንባል» ማለት ትንበያ አይደለም። ሐምሌ ነው፤ ያለ ጉንዳንም ይዘንባል። የሐምሌ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ስንት ሰዓት ላይ ይመጣል? በረዶ ይኖረዋል? ቶሎ ያባራል ወይስ ሲያካፋ ይውላል? በኅዳር ደግሞ የሚያስጨንቀው ውርጭና ያልታሰበ ዝናብ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ጥያቄው የበልጉ መግባት ነው። ጠዋት ስትወጡ መጀመሪያ «ዛሬ ማወቅ የምፈልገው ምኑን ነው?» በሉ።

ከዚያ ዝናቡ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ለአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ የክረምቱን እርጥበት የሚያመጣው በዋናነት ከደቡብ ምዕራብና ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ይገባል። ስለዚህ ግንቦት ላይ ለወራት ከምሥራቅ ሲነፍስ የነበረው ነፋስ ፊቱን ሲያዞር ሽማግሌዎች «ክረምቱ ሸተተ» የሚሉት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው። በበጋ መሀል የሚመጣው ያለ ወቅቱ ዝናብ ግን ጠባዩ ለየት ይላል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከፍ ያለ ስስ ደመና ከምዕራብ ወይም ከሰሜን ምዕራብ ይዘረጋል። የጨረቃ ቀለበት ከጥቅምት እስከ ጥር ትልቅ ትርጉም የሚኖረው፣ በነሐሴ ግን ብዙም የማይናገረው ለዚህ ነው።

ከፍታም ወሳኝ ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለን ወጥተን ከ3,200 ሜትር ገደማ በላይ ያለውን አገር ራሱን «ውርጭ» ብለን ነው የምንጠራው። ስሙ ውስጥ ትንበያ አለ። ለመንዝ የሚሠራው ምልክት ለመተማ አይሠራም።

የቤተ ክርስቲያኑ የዘመን አቆጣጠርም ክረምትን ቆርጦ ቆርጦ የሚያሳይ ጥሩ መነሻ ነው። ከሰኔ 26 ጀምሮ «ዘርዕ» እና «ደመና» ይላል። ከሐምሌ 19 በኋላ መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕርና ወንዞች ይመጣሉ። ከነሐሴ 10 «ዕጓለ ቋዓት»፣ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ከነሐሴ 28 ደግሞ «ጎሕ» እና «ነግህ»፣ ብርሃን መውጣት። ስሞቹን ያወጣው ሰው ሰማዩንም ወፉንም ወንዙንም በደንብ ያየ ሰው ነው። የዘንድሮው ሰማይ ከዚህ አቆጣጠር ቀድሟል ወይስ ዘግይቷል ብላችሁ ማወዳደር ትችላላችሁ።

2. አንድ ቦታ፣ ሦስት ሰዓት

በየቀኑ ከአንድ ቦታ እዩ። ጣሪያ ላይ፣ ደጅ፣ ጉብታ ላይ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር አድማሱ መታየቱ ነው። አንድ ተራራ ወይም ኮረብታ ምረጡና ዘወትር እሱን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ላላችሁ እንጦጦና የረር ጥሩ ናቸው። ተራራው በጣም ቀርቦና ቁልጭ ብሎ ከታየ አየሩ ከአቧራና ከጭጋግ ታጥቧል። በበጋ መሀል ድንገት እንዲህ ከጠራ አየሩ ተቀይሯልና ሌሎቹን ምልክቶች ፈልጉ።

ሰዓቶቹ ሦስት ናቸው፦ ማለዳ 12 ሰዓት፣ ረፋድ ከ4 እስከ 5 ሰዓት፣ ከዚያ ማታ 12 ሰዓት። እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ ምልክት አለው። የማለዳውን በቀትር አትፈልጉት።

3. ማለዳ፦ ጤዛ፣ ጉም፣ ጭስ

ጤዛውን በእጃችሁ ወይም በእግራችሁ ንኩ። በበጋ ብዙ ጤዛ ካለ ቀኑ ብራ ነው ብላችሁ ብትወጡ ብዙ ጊዜ አትሳሳቱም። ከሌለ ተጠንቀቁ። በክረምት ግን ይህን ምልክት ተዉት። ሌሊቱ ሁሉ ደመና ስለሆነ የጤዛ መጥፋት ምንም አይነግራችሁም።

ጉሙ የት እንደተኛ እዩ። ጉድባና ሸለቆ ውስጥ ተኝቶ ከላይ ሰማዩ ጥርት ካለ ሌሊቱ ብራ ነበር ማለት ነው። ፀሐይ ስትጠነክር ይበተናል። ተራራውን ለብሶ ወደ ታች የሚወርድ ጉም ግን ሌላ ነው። እሱ ራሱ ደመናው ነው። ካፊያ ይዞ ይውላል።

ጭስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። «ጭስ መሬት ለመሬት ከሄደ ይዘንባል» የሚባል ነገር በየቦታው አለ። በደጋችን የበጋ ጠዋት ግን ከየጎጆው የሚወጣው ጭስ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ይታያል። ምክንያቱ ሌሊት መሬት ላይ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ሆኖ ጭሱን ስለሚይዘው ነው። ይህ የብራ ቀን ጭስ ነው። ፀሐይ ስትሞቅ ይነሣል። ቁም ነገሩ ከሰዓት በኋላ ያለው ጭስ ነው። ቀን፣ አየሩ ከሞቀ በኋላ፣ ጭሱ አልነሣም ብሎ ከተዘረጋና ወበቅ ከተሰማችሁ ያን ጊዜ ጃንጥላ ያዙ።

የክረምት ጠዋት ፀሐይንም አትመኗት። ማለዳ 2 ሰዓት ላይ ቆዳ የምትለበልብ ከሆነች እናቶቻችን «ይህቺ ፀሐይ የዝናብ ናት» ይላሉ። ልክ ናቸው። መሬቱ እርጥብ ነው። ፀሐይዋ ያንን እርጥበት አሙቃ ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይወርዳል። ጠዋቱ ተሸፍኖ ሲያካፋ ከዋለ ደግሞ ዝናቡ ረጅምና ለስላሳ ይሆናል እንጂ ነጎድጓድና በረዶ የመሆን ዕድሉ ያንሳል።

4. ረፋድ፦ ደመናው ቁመት አወጣ ወይ?

ከሁሉም ምልክቶች አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህንን ነው የምመርጠው። ከ4 እስከ 5 ሰዓት ውጡና የተባዘተ ጥጥ የመሰለውን ደመና እዩ። ሥሩ ጠፍጣፋ፣ አናቱ ክብ ክብ ነው። አንዱን ለይታችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ተከታተሉት።

እየሳሳ ከጠፋ ወይም ወርዱ ከቁመቱ እንደሰፋ ከቀረ ከሰዓቱ ደህና ነው። ቁመቱ ከወርዱ ከበለጠና አናቱ እንደ አበባ ጎመን እየፈላ ወደ ላይ ከወጣ፣ ያውም 6 ሰዓት ሳይሞላ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጠብቁ። ልብሳችሁን አስገቡ። የተሰጣው በርበሬ ይነሣ። አናቱ ላይ ደርሶ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ከታየ ደግሞ ደመናው ጎልምሷል። ከሥሩ መብረቅ አለ፤ በረዶም ሊኖር ይችላል።

በረዶውን ለመለየት ከደመናው ሥር የተንጠለጠለውን መጋረጃ እዩ። የዝናብ መጋረጃ ግራጫ ነው። በረዶ ያለበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። ቀረብ ሲል ድምፁ እንደ ጎርፍ ይንጎደጎዳል። በዚያ ሰዓት ችግኝ የሚሸፈን ከሆነ ሸፍኑ፤ ከብትና ልጅ ወደ ቤት።

የማርያም መቀነትን ስላየ ብቻ «አባራ» የሚል ሰው አለ። መቀነቷ የምትታየው ፀሐይ ከጀርባችሁ ዝቅ ስትል ነው፤ ጠዋት ከ3 ሰዓት ገደማ በፊት ወይም ከሰዓት ከ9 ሰዓት በኋላ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ በምሥራቅ በኩል ናት። ይህ የሚነግራችሁ በምሥራቅ ዝናብ እንዳለ፣ በምዕራብ ደግሞ ፀሐይ እንዳለች ብቻ ነው። በክረምት የታችኛው ነፋስ ከምዕራብ ቢሆንም ደመናው ብዙ ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ ያ ዝናብ ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል። መቀነቷን ሳይሆን የዝናቡን መጋረጃ ተከታተሉ። ከኋላው ያለው ኮረብታ መጥፋት ከጀመረ እየቀረበ ነው።

ፀሐይ እየወጣች ሲዘንብ ልጆች «ጅብ ወለደች» ይላሉ። ጅቧ ወለደችም አልወለደችም ምልክቱ ጥሩ ነው። ደመናው የተቆራረጠ ነው፤ ቶሎ ያልፋል። ጥላ ሥር ትንሽ ብትቆሙ ይበቃል።

5. የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች፦ ሽውታ፣ ሽታ፣ ቆጠራ

ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ሽው ካለ፣ አቧራ ካስነሣና በር ከደበደበ ዝናቡ ደጅ ላይ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ያቀዘቀዘው አየር መሬት ላይ ተዘርግቶ ቀድሞ ይደርሳል። ነፋሱ የአፈር ሽታ ይዞ ከመጣ በመጣበት አቅጣጫ መሬት ርሷል። ያ ሽታ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ከሚሠሩት ነገር የሚመጣ ነው። የሰው አፍንጫ ደግሞ በጣም ትንሹን እንኳ ይለየዋል። ስለዚህ አፍንጫችሁን እመኑት።

ነጎድጓድ ከተሰማ ቁጠሩ። ብልጭታውን ስታዩ ጀምሩ፤ ድምፁ ሲደርስ አቁሙ። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 3 ሴኮንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። 42 ቆጥራችሁ ቀጥሎ 36 ከሆነ እየመጣባችሁ ነው። ከ30 በታች ከሆነ ግን መቁጠሩን ትታችሁ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ዋርካ ሥር መጠለል አይሆንም። ረጅም ዛፍ ሥር የቆመ ከብትም ሰውም ነው የሚመታው። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ከጉብታ ውረዱ፤ ከአጥር ሽቦ ራቁ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ወዲያው የሚወጡ እረኞች አሉ፤ ልጆቻችሁን ይህን ንገሯቸው።

ወንዝ ዳር ላላችሁ ደግሞ ከራሳችሁ ሰማይ በላይ የላይኛው አገር ሰማይ ይበልጣል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ከላይ በተራሮቹ ላይ የጣለው ዝናብ ተሰብስቦ በደቻቱ ወንዝ ስለወረደ ነው። ሌላ ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ ዳር ቆማችሁ ተራራው ከጠቆረ አትሻገሩ። ውኃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ፣ ከሩቅ የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ ደራሽ ነው። ዕቃ ለማንሣት አትመለሱ።

6. እንስሳትና ነፍሳት

እነዚህን ያቆየኋቸው ስለማልወዳቸው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ አሁን እንጂ ስለ ነገ ስላልሆነ ነው።

ንቦች ጥሩ ምስክሮች ናቸው። ቀፎ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ደጃፉን እዩ። ገቢው በዝቶ ወጪው ከጠፋ ዝናብ ቀርቧል። ጉንዳኖች እንቁላላቸውን ተሸክመው ከዝቅታ ወደ ከፍታ ሲሄዱ ብዙ ገበሬ ልብ ይለዋል። እኔም እጽፈዋለሁ፤ ብቻውን ግን አልወስደውም፤ ጉንዳን በሌላም ምክንያት ቤት ይቀይራልና። ከብቶች ጅራታቸውን ቀስረው ሲፈነጩ፣ በተለይ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት፣ እረኞች «ዝናብ ሸተታቸው» ይላሉ። ይህንንም ከደመናው ጋር አያይዛችሁ እዩት።

አሸንን ለይቼ ላንሣው። «እንደ አሸን ፈላ» የምንለው በክንፉ ከመሬት እየጎረፈ የሚወጣውን ምስጥ አይተን ነው። ሰው የዝናብ አብሳሪ ያደርገዋል። በቅርብ ካያችሁት ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው መሬቱ ደህና አድርጎ ከራሰ በኋላ ነው። ጥንዶቹ ክንፋቸውን ጥለው አፈር ቆፍረው አዲስ ቤት መሥራት አለባቸው፤ ደረቅ መሬት አይቆፈርላቸውም። ስለዚህ አሸን የሚለው «ይዘንባል» ሳይሆን «መሬቱ ጠጥቷል» ነው። ለዘሪ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ቢሆንም በአሸን ብቻ ዘር አታውጡ። አንድ ስንዝር ቆፍሩና አፈሩን ጨብጡ። በእጃችሁ ተጠቅልሎ ከቀረ እርጥበቱ ወርዷል። እንደ ዱቄት ከፈሰሰ ያ ዝናብ አታላይ ነው። በአታላይ ዝናብ የተዘራ እህል በቅሎ ይደርቃል። ዘሩም ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል፤ ይህን ያየ ሰው አይረሳውም።

ማድ ቤት ውስጥም አንድ መለኪያ አለ፤ ጨው። ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ውኃ መሳብ ይጀምራል። አሞሌው ካላበ ወይም በዕቃ ያለው ጨው ከረጠበ አየሩ ከብዷል። በበጋ መሀል ይህ ከሆነ ልብ በሉት። ድስት እየፈላ ያለበት ማድ ቤት ውስጥ ግን አይሠራም፤ ጨውን ጓዳ አስቀምጡና እዩ።

የአረጋውያን ቁርጥማት መነሣትን የሚያምኑ ብዙ ናቸው። እኔ አልጨምረውም።

7. ማታ፦ ጨረቃና ውርጭ

ጨረቃ ስትከበብ ሁለት ዓይነት ነገር ታያላችሁ። አንዱ ከጨረቃዋ ጋር ተጣብቆ የሚታይ ትንሽ ቀለማም ክብ ነው። ተራ ስስ ደመና ሲያልፍባት ይታያል፤ ብዙም አትጨነቁበት። ሌላው ከጨረቃዋ ራቅ ብሎ የሚታይ ሰፊ ቀለበት ነው። እጃችሁን ወደ ሰማይ ዘርጉና ጣቶቻችሁን ክፈቱ። አውራ ጣታችሁን ጨረቃዋ ላይ ስታደርጉ ትንሿ ጣት ቀለበቱ ጋ ከደረሰች እምዬ ያየችው ያ ነው። ብርሃኑን የሚሰብሩት በጣም ከፍ ያለ ደመና ውስጥ ያሉ ደቃቅ በረዶዎች ናቸው። በበጋና በበልግ ከዚህ በኋላ ደመናው እየወፈረና እየወረደ ከሄደ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ጠዋት ሰማዩ ተመልሶ ከጠራ ግን ብዙ ጊዜ አልፏል።

ውርጭ ላይ ምልክት ከሁሉም ይበልጥ ይታመናል፤ ጉዳቱም ከሁሉም የከፋ ነው። ያበበ ባቄላ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ የሚያድርበት ጊዜ አለ። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ብርዱን ስለሚያውቁት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በደጋው፣ እንዲህ አድርጉ።

ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ሰማዩን እዩ። ደመና የለም? ቀን ሲነፍስ የነበረው ነፋስ ማታ 12 ሰዓት ላይ ጸጥ አለ? አየሩ ደረቅ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል? ፀሐይ እንደገባች ብርዱ ወዲያው ጋቢ አስደረበ? አራቱም አዎ ከሆኑ ተዘጋጁ። ከአራቱ ነፋሱ ወይም ደመናው ካለ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ነፋስ አየሩን ያደባልቀዋል፤ ደመና ሙቀቱን ይይዘዋል።

ቀጥሎ ማሳውን አስቡ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ይፈሳል። ጉድጓዳ ቦታና የወንዝ ዳር ሜዳ ቀድሞ ይመታል፤ ተዳፋቱ ይተርፋል። በአንድ መንደር ውስጥ የአንዱ ባቄላ ጠቁሮ ከፍ ብሎ ያለው የጎረቤቱ አረንጓዴ ሆኖ የሚያድረው ለዚህ ነው። ችግኝ መደባችሁን የምትመርጡ ከሆነ ዝቅታውን ተዉት።

ለትንሽ ማሳና ለጓሮ መድኃኒት አለው። ቀን፣ ፀሐይ ሳለች፣ አፈሩን አጠጡ። እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል፤ ሌሊት ይለቀዋል። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ችግኙን በሣር፣ በገለባ ወይም በጆንያ ሸፍኑ። ከገባች በኋላ ከሸፈናችሁ ሙቀቱ ቀድሞ ሄዷል። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ግለጡ። የሌሊቱ ጠንካራ ብርድ የሚመጣው ወደ ንጋት ላይ ስለሆነ እኩለ ሌሊት ወጥታችሁ «ደህና ነው» ብላችሁ አትግለጡ። ደግሞ ነጭ አመዳይ ስላላያችሁ ብቻ ተርፈናል አትበሉ። አየሩ በጣም ደረቅ ሲሆን አመዳይ ሳይሠራ ቅጠሉ ይጠቁራል።

8. የበዓላትና የወቅት ምልክቶች

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» እንላለን። ነሐሴ 13 ላይ ዝናቡ ያበቃል ማለት አይደለም፤ ከቡሄ በኋላ ብዙ ዝናብ አለ። ያቺ የሐምሌ ድፍን ጨለማ መሳሳት ትጀምራለች፣ ፀሐይ በመሀል ብቅ ትላለች ማለት ነው። እንዲህ ካነበባችሁት አባባሉ ጥሩ የወቅት መለኪያ ነው። ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ በዝናብ ይታጠባሉ። ያ ዝናብ ለምእመናን ጸበል ነው፤ ለትንበያ ብዬ አልነካውም። አደይ አበባ ስትፈነዳና የመስቀል ወፍ ስትታይ ክረምቱ እየወጣ ነው።

የደመራ አወዳደቅን አይቶ ዓመቱን የሚገምት አለ። ሰኔ 1 ሰኞ ሲውል «ሰኔና ሰኞ» ብሎ የሚሰጋም ብዙ ነው። በ2012 እንዲያ ነበር፤ በ2018ም እንዲያው ነው። የ2012 ክረምት ግን ዝናብ የበዛበት፣ አዋሽም ሞልቶ አፋርን ያጥለቀለቀበት ነበር። ቀኑ ሰኞ መዋሉን የሚወስነው የቀን ቆጠራ ነው፤ ደመናው ግን ያንን አያውቅም። ባህሉን አክብሩ፤ ዘር መዝሪያችሁን ግን በእሱ አትወስኑ።

በቦረና ይህ ዕውቀት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎች ቡሳን ከሚሏቸው የከዋክብት ክምችትና ከሌሎች ኮከቦች ጋር ጨረቃ የምትገናኝበትን እያዩ ወርና ቀን ይቆጥራሉ። ኡቹ የሚባሉት የታረደ ከብት አንጀት ያነብባሉ። የአያንቱዎቹ አቆጣጠር ወቅትን በትክክል ለመያዝ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሰው በአንድ ንባብ ሊማረው የሚችል ግን አይደለም፤ ባለሙያዎቹ ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

9. ከትንበያው ጋር አገናኙት

የአገር ቤት ምልክት ጉልበቱ ከደቂቃ እስከ አንድና ሁለት ቀን ነው። ከዚያ ሲያልፍ ይደክማል። የወቅቱን ነገር የሚወስኑት ከዓይናችን የራቁ ነገሮች ናቸው። በ2007 ክረምት በብዙ ቦታ ዝናቡ የቀረው የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ስለሞቀ፣ ኤልኒኖ ስለተነሣ ነው። ያንን ጉንዳን አያውቀውም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የወቅት ትንበያ ያወጣል። ምን ልዝራ ለሚለው እሱን አዳምጡ። ዛሬ ልውቃ ወይስ ልክደን ለሚለው ደግሞ የራሳችሁን ሰማይ እዩ። ትንበያው ለሰፊ አካባቢ ነው፤ የእናንተን ሸለቆ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ውጭ አገር ያላችሁ ምልክቶቹን እንዳሉ ይዛችሁ አትሂዱ። በአውሮፓና በአሜሪካ የአየሩ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። «ማታ ሰማይ ከቀላ ነገ ብራ ነው» የሚለው የፈረንጆች አባባል እዚያ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ እዚህ ክረምት ላይ አይሠራም። እስራኤል ደግሞ የሚዘንበው በእነሱ ክረምት ነው፤ ሐምሌ ደረቅ ነው። እዚያ ያላችሁ ምዕራቡን፣ የባሕሩን በኩል፣ እዩ።

10. ደብተር ያዙ

አንድ ደብተር ግዙና በየቀኑ ሁለት መስመር ጻፉ። ማለዳ ያያችሁትንና የገመታችሁትን፤ ማታ የሆነውን። ለምሳሌ እንዲህ፦

ኅዳር 9። ጤዛ የለም። ጨረቃ ትናንት ሰፊ ቀለበት ነበራት። ጨው ረጥቧል። ግምት፦ ዝናብ።
ማታ፦ ከ10 ሰዓት ጀምሮ አካፋ።

ኅዳር 10። ጤዛ ትንሽ። ጉም ሸለቆ ውስጥ። ግምት፦ ብራ።
ማታ፦ ብራ። ነፋስ ቆሟል፤ ጎመኑን ሸፍነናል።

ግምቱን ጠዋት ጻፉ። ማታ ላይ «እኔ አውቄው ነበር» ማለት ቀላል ስለሆነ መስመሩን አስቀድማችሁ ካልጻፋችሁ ራሳችሁን ታታልላላችሁ። የተሳሳታችሁበትንም አትሰርዙ። አንድ ዓመት ሲሞላ እያንዳንዱን ምልክት ለብቻው አውጡና ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ከዚያ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደያዘ ቁጠሩ። ግማሹን ጊዜ ብቻ የያዘውን ተዉት። ደጋግሞ የያዘውን ከሌላ አንድ ምልክት ጋር አጣምሩና በሁለተኛው ዓመት እንደገና ሞክሩ።

በአካባቢያችሁ ያሉትን አረጋውያንም ጠይቁና የነገሯችሁን በደብተሩ የኋላ ገጽ አስፍሩ። ስትጠይቁ «ዝናብ በምን ይታወቃል?» አትበሉ፤ የሰሙትን አባባል ብቻ ነው የሚነግሯችሁ። «እማማ፣ እህል አውድማ ላይ ሳለ ዝናብ ሊመጣ መሆኑን በምን አወቁ?» በሏቸው። «የትኛው ተራራ ሲለብስ ነው የሚፈሩት?» በሏቸው። ያን ጊዜ ተነሥተው ደጅ ድረስ ይወስዷችሁና በእጃቸው ያሳዩአችኋል። የተራራውን ስም፣ የቆሙበትን ቦታና ወሩን ጻፉ።